ኮሌስትሮሉ ከ70 በታች ነበር

የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቲም ራስርት ሲሞት መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮሉ ከ70 በታች ነበር። የደም ግፊቱ በመድኃኒት ተይዟል። ኮሌስትሮል የሚያወርደውን ስታቲን ይወስዳል። አስፕሪን ይወስዳል። ስፖርት ይሠራል። ከመሞቱ 6 ሳምንት ገደማ በፊት ትሬድሚል ላይ ወጥቶ ልቡ ተፈትሾ ጥሩ ውጤት አግኝቷል። ሐኪም ሸሽቶ የኖረ ሰው አልነበረም። ታክሞ፣ ተመርምሮ፣ የታዘዘለትን እየወሰደ ነው በ58 ዓመቱ የሞተው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ሰው በልብ ሕመም በድንገት ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚወራው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። "ያጨስ ነበር።" "መድኃኒቱን ትቶት ነበር።" "ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት እምቢ አለ።" ሰሚው በልቡ "እኔ እንኳን አላጨስም፣ ክኒኔንም እወስዳለሁ" ይልና ይረጋጋል። የራስርት ታሪክ ግን ለዚህ ዓይነቱ መጽናኛ አይመችም። ያልታከመ ሰው ታሪክ ሳይሆን በደንብ የታከመ ሰው ታሪክ ነው። ሐኪሞች ከሕክምና በኋላ ስለሚተርፈው ስጋት፣ በአጭሩ ስለ ቀሪ ስጋት ሲያወሩ፣ የሚያወሩት እንደሱ ስላሉ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ሰውየውን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ራስርት ከ1991 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኤንቢሲ ቴሌቪዥንን «ሚት ዘ ፕሬስ» የተባለ የእሁድ ጠዋት ፕሮግራም ይመራ ነበር። ፕሮግራሙን እንደሱ ለረጅም ጊዜ የመራ የለም። በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሌሊት በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ "ፍሎሪዳ፣ ፍሎሪዳ፣ ፍሎሪዳ" ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ፖለቲከኛ እንግዳውን ድሮ የተናገረውን ስክሪን ላይ እያወጣ ማፋጠጥ ያውቅበታል። ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ዝም አላለም፤ ሐኪሙም ስለ ሕክምና ታሪኩ በአደባባይ ተናገረ፣ የአስከሬን ምርመራውም ዋና ውጤት ተገለጸ። ስለዚህ ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ልብ ይህን ያህል የምናውቀው በሐሜት አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሞቱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ1998፣ 48 ዓመቱ አካባቢ፣ የልብ ደም ሥሮቹን የካልሲየም መጠን በሲቲ ስካን አስለካ። ምርመራው ቀላል ነው፤ መርፌ የለው፣ ሩጫ የለው፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ልብን በሚመግቡት ደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ ስብ ተጋግሮ ሲቆይ ካልሲየም ይይዛል፣ ስካኑ ያን ይቆጥራል። ዜሮ ከመጣ ጥሩ ዜና ነው። ከ100 ካለፈ በሽታው መኖሩ ግልጽ ነው። ከ400 ካለፈ ብዙ ነው። የራስርት 210 መጣ። ለ70 ዓመት አዛውንት ቢሆን ብዙም አያስደነግጥም። ለ48 ዓመት ሰው ግን ከፍተኛ ነው። ያኔ ደረቱን የሚያመው ነገር አልነበረም። ደረጃ ሲወጣ አይደክመውም። ምልክት የሌለው የልብ ደም ሥር በሽታ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገለት በጊዜው መደረግ የነበረበት ነው። ኮሌስትሮሉ በስታቲን ወረደ። በ2004 የአሜሪካ መመሪያ በጣም ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው ሕመምተኞች ኤልዲኤልን፣ ያን መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ከ70 ሚሊግራም በታች ማውረድን እንደ አማራጭ አቅርቦ ነበር፤ ሰውየው እዚያ ደርሷል። ግፊቱም በክኒን ወረደ። ሆኖም ያልተስተካከሉ ነገሮች ነበሩ። በደም ውስጥ የሚዞረው ሌላው ስብ፣ ትራይግሊሰራይዱ፣ ከፍተኛ ነው። ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤሉ፣ ዝቅተኛ ነው። ክብደቱም ወገቡ አካባቢ የተከማቸ ነው፤ ቴሌቪዥን ላይ ያየው ሁሉ ያውቀዋል። እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲመጡ ሐኪም ዓይኑን ከፈት ማድረግ አለበት። ያኔ ግን ለእነዚህ ነገሮች እንደ ስታቲን አስተማማኝ መድኃኒት እጅ ላይ አልነበረም።

ኤፕሪል 29 ቀን 2008 ስትረስ ቴስት፣ ያ የትሬድሚል ምርመራ፣ ተሠራለት። ጥሩ ውጤት አገኘ። ከዚያ ልጁ ከቦስተን ኮሌጅ ስለተመረቀ ቤተሰቡ ለደስታ ጣልያን ሄደ። ራስርት ወደ ሥራው ተመለሰ። ጁን 13 አርብ ነበር፤ በእኛ ሰኔ 6 ቀን 2000፣ እዚህ ገና ሚሌኒየማችንን እያከበርን ባለንበት ዓመት። ዋሽንግተን ቢሮው ውስጥ ለእሁዱ ፕሮግራም ድምፅ እየቀዳ ሳለ ወደቀ። ለአደጋ ጊዜ አገልግሎት የተደወለው በዋሽንግተን ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7፡40 ላይ ነው። ከቢሮው ሰው ደረቱን መጫን ጀምሮ ነበር። የአምቡላንስ ባለሙያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ደረሱ። ልቡን በኤሌክትሪክ ንዝረት ለመመለስ ሦስት ጊዜ ሞከሩ። አልመለስ አለ። ሲብሊ መታሰቢያ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ዲሲ ያላችሁ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ። 8፡23 ላይ ሞቱ ተረጋገጠ።

የአስከሬን ምርመራው ሁለት ነገር አሳየ። አንደኛ፣ የልብን የፊት ክፍል በሚመግበው ትልቁ ደም ቅዳ ውስጥ የተጋገረው ስብ ፈንድቶ፣ በላዩ ደም ረግቶ መንገዱን ዘግቶታል። ሁለተኛ፣ ልቡ ከመጠኑ በላይ ተልቋል።

አሁን ሰዉ ሁሉ የጠየቀውን እንጠይቅ። ከ6 ሳምንት በፊት ትሬድሚል ላይ ሮጦ ያለፈ ልብ እንዴት ሆኖ ነው እንዲህ የሚሆነው? ምርመራው ተሳስቶ ነው?

አልተሳሳተም። የተጠየቀውን መልሷል። ችግሩ የተጠየቀው ሌላ መሆኑ ነው። ስትረስ ቴስት የሚያየው ልብ ሲጣደፍ በቂ ደም ያገኛል ወይስ አያገኝም የሚለውን ነው። ስለዚህ የሚይዘው ደም ሥሩን አጥብቦ የያዘውን ትልቅ ጥበት ነው። ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት የተጋገረ ስብ ግን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ገፍቶ መንገዱን አያጠብም። ብዙው በግድግዳው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል፣ ደሙም በላዩ እንደ ልቡ ያልፋል። ከነዚህ አንዳንዶቹ መግል እንደያዘ እባጭ ናቸው፤ ውስጣቸው ለስላሳ ስብ፣ ላያቸው ስስ ቆዳ። ያ ቆዳ ሲቀደድ ውስጡ ያለው ከደም ጋር ይገናኛል። ደሙ ቁስል ያገኘ ስለሚመስለው ይረጋል። ጣት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ሕይወት አዳኝ የነበረው መርጋት፣ ሦስት ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ውስጥ ሲሆን ይገድላል። ትናንት 40 በመቶ ብቻ የጠበበ ቦታ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ትሬድሚሉ 40 በመቶውን ጥበት አያይም።

ስቴንት፣ የጠበበ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ያስገቡ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው። "ቧንቧዬ ተከፍቷል፣ ጨርሻለሁ" ይላሉ። ስቴንት ድንገተኛ የልብ ጥቃት ላይ ላለ ሰው ሕይወት ያተርፋል፤ በዚያ ላይ ክርክር የለም። በተረጋጋ ሕመም ላይ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2007 ኩሬጅ በተባለው ጥናት 2,287 ሕመምተኞች ተከፍለው ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሾቹ መድኃኒትና ስቴንት አገኙ። በሞትም ሆነ በልብ ጥቃት ቁጥር ልዩነት አልታየም። ስቴንቱ አንዱን የጠበበ ቦታ ይከፍታል። በሽታው ግን በደም ሥሩ ሁሉ ነው ያለው።

ወደ መድኃኒቱ እንምጣ፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ስታቲን ይሠራል? በጣም ይሠራል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጽሑፉን ግማሽ ድረስ አንብቦ "ታዲያ ምን ያደርግልኛል" ብሎ ክኒኑን የሚጥል እንዳይኖር ነው። በ1994 የወጣው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞችን 5 ዓመት ከምናምን ተከታተለ። ሲምቫስታቲን ካልወሰዱት ውስጥ ከመቶ 12ቱ ሞቱ፤ ከወሰዱት ከመቶ 8ቱ። በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ግን ያንኑ ጥናት ሌላ ዓምድ እዩት። የልብ ጥቃት ወይም በልብ ምክንያት ሞት የደረሰባቸው ካልወሰዱት ከመቶ 28፣ ከወሰዱት ከመቶ 19 ናቸው። ጋዜጣው የጻፈው ከ28 ወደ 19 መውረዱን ነው። ስለ 19ኙ ብዙም የጻፈ የለም። መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው እኮ የታመሙት።

ያኔ "ኮሌስትሮሉ በደንብ ስላልወረደ ነው" የሚል ክርክር ተነሳ። ትክክል ነው፣ በከፊል። በብዙ ጥናቶች ድምር እንደታየው ኤልዲኤል በ39 ሚሊግራም ገደማ በወረደ ቁጥር ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎች ከአምስት አንድ ያህል ይቀንሳሉ። ስለዚህ የበለጠ ማውረድ የበለጠ ይጠቅማል። ኢምፕሩቭ ኢት የተባለው የ2015 ጥናት 18,144 ሰዎችን ይዞ ይህን ፈተነ። ሁሉም በቅርብ የልብ ጥቃት ወይም ለዚያ የቀረበ ሕመም ያገኛቸው ናቸው። አንዱ ወገን ሲምቫስታቲን ብቻ ወሰደ፤ ኤልዲኤሉ በአማካይ ወደ 70 ወረደ። ሌላው ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ ኮሌስትሮል የሚያወርድ ክኒን ተጨመረለት፤ ወደ 54 ወረደ። ከ7 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ወገን ከመቶ 34.7፣ ሁለተኛው ከመቶ 32.7 ላይ ሞት፣ የልብ ጥቃት፣ ስትሮክ ወይም ሌላ ከባድ የልብ ችግር ደርሶበታል።

ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው። እኔን የሚገርመኝ ልዩነቱ አይደለም። 34.7ን እዩት። ኤልዲኤላቸው የራስርትን ያህል ከነበሩት ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በ7 ዓመት ውስጥ እንደገና ችግር ገጠማቸው። እርግጥ ራስርት ከዚያ በፊት የልብ ጥቃት አልደረሰበትም፤ ስለዚህ የሱ ስጋት ከእነሱ ያነሰ ነበር ማለት ይቻላል። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ እሱ ላይ መለጠፍ ስህተት ይሆናል። "70 ደረስኩ፣ ተገላገልኩ" የሚለው ሐሳብ ግን እዚህ ላይ ይፈርሳል። ዛሬ የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ በጣም ከፍተኛ ስጋት ላለበት ሰው ከ55 በታች ይላል። የ2017ቱ ፎሪየር ጥናት በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ጨምሮ 30 ድረስ አወረደው፤ አደጋው አሁንም ቀነሰ፣ አሁንም አልጠፋም። 2 ዓመት ከምናምን ውስጥ መርፌውን ከወሰዱት ከመቶ 9.8ቱ ላይ ደርሷል።

እንግዲህ ኮሌስትሮሉ ወርዶም የሚተርፈው ምንድን ነው?

ከራስርት ወረቀት ብንነሳ መጀመሪያ የሚታየው ትራይግሊሰራይዱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ኤልዲኤል ብዙ ጊዜ የተለካ አይደለም፣ የተሰላ ነው። ጠቅላላው ኮሌስትሮል ይለካል። ኤችዲኤል ይለካል። ትራይግሊሰራይድ ይለካል። ከዚያ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አምስተኛ ይቀነሳል፤ የቀረው ኤልዲኤል ይባላል። ምሳሌ ልስጥ፤ የራስርት ቁጥር አይደለም፣ ለመረዳት ያህል ነው። ጠቅላላ 170፣ ኤችዲኤል 32፣ ትራይግሊሰራይድ 350 ቢሆን፣ የ350 አምስተኛ 70 ነው። 170 ሲቀነስ 32 ሲቀነስ 70፣ 68 ይመጣል። "ኤልዲኤልህ 68 ነው፣ ጎሽ!" ትባላላችሁ። አሁን ሌላ ሒሳብ ሥሩ። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ብቻ ቀንሱ። 138። ይህ ደም ሥር ላይ መጋገር የሚችለው ኮሌስትሮል ሁሉ ድምር ነው፤ በኤልዲኤል ውስጥ ያለውም፣ ትራይግሊሰራይድ ተሸክመው በሚዞሩት ቅንጣቶች ውስጥ ያለውም። ኢላማው ከኤልዲኤሉ ኢላማ 30 ጨምሮ ነው፤ 70 ለተባለ ሰው 100። ስለዚህ በ68 የተጨበጨበለት ሰው በዚህኛው በ38 አልፏል። ለዚህ ተጨማሪ ምርመራ አያስፈልግም። እጃችሁ ላይ ባለው ወረቀት፣ በስልካችሁ ካልኩሌተር ይሠራል። በዚያ ላይ ትራይግሊሰራይድ ሲበዛ የተሰላው ኤልዲኤል ራሱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ ትራይግሊሰራይዱን በመድኃኒት ማውረድ ነዋ! እዚህ ላይ ነገሩ ግራ ያጋባል። ሬዱስ ኢት የተባለው ጥናት ከዓሣ ዘይት የተጣራ መድኃኒት በቀን 4 ግራም ሰጥቶ አደጋውን ከመቶ 22 ወደ 17.2 አወረደ። ሕክምናው ዓለም በደስታ ዘለለ። በ2020 ስትሬንግዝ የተባለው ሌላ የዓሣ ዘይት ጥናት ምንም ጥቅም አላገኘም። የመጀመሪያው ጥናት ለማነጻጸሪያ የሰጠው የማዕድን ዘይት ራሱ ጉዳት አድርሶ ይሆን የሚል ጭቅጭቅ እስካሁን አለ። በ2022 ደግሞ ፔማፋይብሬት የተባለ ክኒን ትራይግሊሰራይዱን አወረደ፣ የልብ አደጋውን ግን አልቀነሰም። እኔ ከዚህ የማየው፣ ቁጥሩን በመድኃኒት ከማሳደድ በፊት ቁጥሩን ያመጣው ላይ መሥራት እንደሚሻል ነው፤ ወገብ፣ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አልኮል። ጠጅና ቢራ ትራይግሊሰራይድን ከፍ እንደሚያደርጉ የሚነግረን ሰው ብዙ አይደለም፣ ምናልባት ነጋሪው ራሱ ስለሚወዳቸው።

የኤችዲኤል ጉዳይ አጭር ነው። ዝቅተኛ ኤችዲኤል የስጋት ምልክት ነው። በመድኃኒት ከፍ ማድረግ ግን አልጠቀመም። ናያሲን ተሞከረ፤ በ2011 ጥናቱ ጥቅም የለውም ተብሎ ተቋረጠ። ቶርሴትራፒብ የተባለው ኤችዲኤልን በጣም ከፍ አደረገ፣ ሰውም ገደለ፤ በ2006 ተቋረጠ። "ጥሩ ኮሌስትሮሌን የሚጨምር ነገር ስጠኝ" ብሎ ሐኪም ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ቀሪ ስጋት የደም ሥር ግድግዳ መቆጣት፣ ብግነት ነው። ያ ስስ ቆዳ የሚቀደደው ዝም ብሎ አይደለም። ስቡን ለማጽዳት የገቡት የመከላከያ ሕዋሳት አስቆጥተውት ሲያሳሱት ነው። ራስርት በሞተ በ5ኛው ወር ጁፒተር የተባለው ጥናት ወጣ። 17,802 ሰዎች፤ ኮሌስትሮላቸው ደህና፣ የብግነት ምልክቱ ሲአርፒ ግን ከፍ ያለ። ስታቲን ሲወስዱ አደጋቸው በ44 በመቶ ወረደ። ግን ስታቲን ኮሌስትሮልንም ብግነትንም ስለሚያወርድ የትኛው እንደሠራ መለየት አይቻልም ነበር። መልሱ በ2017 መጣ። ካንቶስ በተባለ ጥናት 10,061 የልብ ሕመምተኞች ላይ ኮሌስትሮልን የማይነካ፣ ብግነትን ብቻ የሚያወርድ መርፌ ተሞከረ። አደጋው በ15 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽንንም ስለጨመረ ለልብ አልዋለም። መንገዱን ግን አሳየ። ከዚያ ተመራማሪዎች ወደ አንድ ርካሽ የድሮ መድኃኒት ዞሩ፤ ለሪህ የሚታዘዘው ኮልቺሲን። በ2019ና በ2020 ሁለት ጥናቶች ጥሩ ውጤት አሳዩ። በ2023 አሜሪካ ለልብ ፈቀደችው። በ2024 ሌላ ትልቅ ጥናት የልብ ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ሞክሮት ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ ነገሩ ገና እየተብላላ ነው። የአክስታችሁን የሪህ ክኒን ለልብ ብላችሁ እንዳትውጡ፤ ከኩላሊት ድካምና ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጋር አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚመለከተን ይመስለኛል። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ቅንጣት አለ፤ ሲጠራ ኤልፒ ትንሿ ኤ ይሉታል። ኤልዲኤልን ይመስላል፣ ግን መጠኑን የሚወስነው ከወላጅ የመጣው ዘር ነው። ምግብ አይለውጠውም። ሩጫ አይለውጠውም። ስታቲን አያወርደውም። በዓለም ላይ ከአምስት ሰው በአንዱ ያህል ከፍ ያለ ነው። በአማካይ ሲታይ በአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ከነጮች ከፍ ይላል። የአውሮፓ መመሪያ በዕድሜ አንድ ጊዜ ይለካ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም ስለማይለዋወጥ አንዴ ይበቃል። "አባታችን በ50 ዓመቱ ወደቀ፣ ወንድሜም እንደዚያው" የሚባልበት ቤት ውስጥ ኮሌስትሮላቸው ደህና ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ከፍ ብሎ ቢገኝስ? ያሉትን ሌሎች ነገሮች፣ ኤልዲኤልን፣ ግፊትን፣ ስኳርን፣ ሲጋራን የበለጠ አጥብቆ መያዝ። ልጆችንም ማስመርመር።

የራስርት የተለቀ ልብ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ልብ የሚያድገው ብዙ ጊዜ ለዓመታት ከፍ ካለ የደም ግፊት ጋር ሲታገል ነው። ግፊቱ ዛሬ በክኒን ወርዶ 120 በ80 ቢያሳይም፣ ትናንት የወፈረው ጡንቻ በአንድ ጀምበር አይሳሳም። የወፈረ ልብ ደም ሲያጣ ቶሎ ምቱ ይዛባል። ለዚህ ይሆናል ደረቴን አመመኝ ለማለት እንኳ ጊዜ ያላገኘው። ስፕሪንት የተባለው የ2015 ጥናት 9,361 ሰዎችን ይዞ የላይኛውን ግፊት ከ140 ይልቅ ከ120 በታች ማውረድ የልብና የደም ሥር አደጋን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ራስርት ሲታከም ይህ አይታወቅም ነበር።

ራስርት ዛሬ ቢሆን ይድን ነበር? ይህን ማንም ሊል አይችልም። ግን በ2008 ያልነበሩ ወይም ያልተለመዱ፣ ዛሬ ያሉ ነገሮች አሉ። ስታቲኑ ላይ ኢዜቲማይብ ሊጨመርለት ይችል ነበር፤ ኢላማውም ወደ 55 ሊወርድ ይችል ነበር። ኤልፒ ትንሿ ኤ ይለካለት ነበር። ወገቡን በተመለከተ፣ በ2023 ሰሌክት የተባለው ጥናት 17,604 ወፍራም የሆኑ፣ ስኳር የሌለባቸው የልብና የደም ሥር ሕመምተኞች ላይ ክብደት የሚቀንሰውን ሴማግሉታይድ ሞክሮ አደጋውን ከመቶ 8 ወደ 6.5 አውርዷል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ሲደማመሩ ብዙ ይሆናሉ። ዜሮ ግን አይሆኑም።

እኛ ጋ ስንመጣ ቀሪ ስጋት ከመባሉ በፊት በቅጡ ያልታከመው ስጋት ይበዛል። ሰው ኮሌስትሮሉ ወርዶ ወረቀቱን ሲያይ "ዳንኩ" ብሎ ክኒኑን ያቆማል። ክኒኑ ነው ያወረደው፤ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በጾም ወቅት የጠዋቱ ክኒን ይቀራል። አቶርቫስታቲን በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል፣ ሲምቫስታቲን እንዲያውም ማታ ነው የሚመከረው፤ የግፊቱንም ሰዓት ሐኪሙን ጠይቆ ማዛወር ይቻላል። ፋርማሲ ሄዶ "የለም" ሲባል የሚተውም አለ፤ ያኔ መፍትሔው ሌላ ስታቲን እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። ጫትም አለ። ልብን ያጣድፋል፣ ደም ሥርን ያጠብባል፣ የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ከልብ ጥቃት ጋር አያይዘውታል። ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ግን ጫት የሚባል ዓምድ የለም፤ ሐኪሙ ካልጠየቀ ታካሚው አይናገርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደረቱን ጭብጥ ሲያደርገው፣ ግራ እጁ ወይም መንጋጋው ሲያመው፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቀው "ባለፈው ወር ተመርምሬ ደህና ነህ ተብያለሁ" ብሎ እንዳይተኛ። ጨጓራ ነው ብሎ ወተት መጠጣትም የተለመደ ነው። ወዲያው ሆስፒታል ነው። አሜሪካ ያለ 911፣ አገር ቤት ያለ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ይደውላል። አምቡላንስ ከዘገየ ያለው መኪና ይነሳ፤ የታመመው ሰው ግን መሪ አይያዝ።